ተገጣጣሚ ቤትና የገርጂ ትምህርት

ቤት በፋብሪካ ተመርቶ በቦታው ቢገጣጠም ዋጋው ይረክሳል የሚለው ሐሳብ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ በብዛት የቤት ባለቤት ሊያደርገው አልቻለም። ምክንያቱን ለመረዳት ከመነሻው መጀመር ያሻል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ከተሞች ፈርሰው፣ ሠራተኛም ጠፍቶ ስለነበር የግንባታን ሥራ ወደ ፋብሪካ ማስገባት ግድ ሆነ። በዩጎዝላቪያ መሐንዲሱ ብራንኮ ዠዠሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባወጣው ዘዴ ቋሚዎችና ሶሌታዎች በፋብሪካ ይመረታሉ፤ በግንባታው ቦታም በተወጠረ የብረት ገመድ ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ። ዘዴው ወደ ኩባና ወደ አንጎላ፣ ወደ አገራችንም ተሻገረ። በደርግ ዘመንም የተገጣጣሚ ሕንፃ አካላት ማምረቻ ድርጅት በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

እዚህ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። በአውሮፓ ውድ የነበረው የሰው ጉልበት በእኛ ዘንድ ርካሽ ነው፤ ክሬኑ፣ ከባዱ የጭነት መኪናና የሚወጠረው ብረት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከዚህም ሌላ ፋብሪካ የሚያዋጣው ትእዛዝ ሳይቋረጥ ሲመጣለት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ቤት እየሠራ የሚያከራይ ባለሀብት አልነበረም። ስለሆነም ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ሊያዝ የሚችለው ደንበኛ መንግሥት ብቻ ሆነ። የመንግሥት በጀት ሲሳሳ የመሣሪያው ወጪ በጥቂት ቤቶች ላይ መውደቁ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቀው በገርጂ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ የተሞከረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። አስቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን የአርማታ ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስሳል። ቢሙን ጥቂት ሠራተኞች ስለሚያነሡት ክሬን አያስፈልግም፤ የጣውላውና የባሕር ዛፍ ድጋፉ ወጪም ይቀንሳል። ዘዴው በከተማው ሲስፋፋ ምርቱ በአነስተኛ ማኅበራት እጅ ስለገባ ለብዙ ወጣቶች የእንጀራ ምንጭ ሆነ።

ይህም መንገድ ያለ እንቅፋት አልሄደም። አምራቹ ሲበዛ የጥራት ቁጥጥሩ ይከብዳል፤ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ሲንር ከጣውላ የተገኘው ቁጠባ ይዋጣል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ900,000 በላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በዚያው በገርጂ ያስመረቀው መንደር የተሠራው በአሉሚኒየም ፎርምወርክ ነው፤ በዚህ ዘዴ ከፋብሪካ የሚመጣው የሕንፃው አካል ሳይሆን እየተነሣ ደጋግሞ የሚያገለግለው ቅርጽ ነው። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ቅርጹ በውጭ ምንዛሪ እስከተገዛ ድረስ የቀድሞው ጥያቄ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ተገጣጣሚ ቤትን ያሰናከለው የምሕንድስና ጉድለት ብቻ አይደለም። የሚገጣጠመው አካል ምን ያህል ይግዘፍ የሚለውን መወሰን ያለባቸው የአገሩ የጉልበት ዋጋ፣ የመንገዱ አቅምና የትእዛዙ ቀጣይነት ናቸው። ፋብሪካውን ከመትከል በፊት ለአሥር ዓመት የማይቋረጥ የቤት ትእዛዝ ማሰናዳት ይቀድማል። ይህ ካልቀደመ ግን አዲሱም መሣሪያ የቀድሞው ዕጣ ይደርሰዋል፤ ተመዝጋቢውም መጠበቁን ይቀጥላል።