ከላይ ሙቀት፣ ከታች በረዶ

እ.ኤ.አ. በ2018 በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። በረዶው አውቶቡስ አስቀርቶበት ሥራ የሄደው በእግሩ ነበር። «ዓለም ሞቀች የሚሉት ሰዎች እስቲ እዚህ ይምጡ!» ሲለኝ እኔም ከት ብዬ ስቄ «እውነትህን ነው» አልኩት። ለካስ ሁለታችንም የማናውቀውን ነገር ነበር ስንፈርድ የነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የብርድ ወራት ሪቻርድ ሸርሃግ የሚባል ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ሊቅ በፊኛ ታስረው ከበርሊን ወደ ሰማይ የሚላኩ መለኪያዎችን ይከታተል ነበር። አንድ ቀን ከላይ፣ ስትራቶስፌር ከሚባለው የአየር ንጣፍ፣ ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር መጣ፤ ሙቀቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተተኩሷል። እኔ ብሆን «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብዬ ወረቀቱን በጣልኩት። እሱ ግን ጻፈው። «የበርሊን ክስተት» ተባለ።

ምክንያቱን አጥርቶ ለማስረዳት ሌላ ሃያ ዓመት ግድም ፈጀ። ጃፓናዊው ታሮ ማትሱኖ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ ጥፋተኛው ያለው ከታች ነው። በየብርድ ወራቱ ከዋልታው በላይ ኃይለኛ ነፋስ ይዞራል፤ ቅዝቃዜውን በረት ውስጥ እንዳለ ከብት አጥሮ ይይዘዋል። ከተራሮችና ከየብስና ባሕር ልዩነት የሚነሡ ግዙፍ የአየር ማዕበሎች ወደ ላይ ወጥተው ይህን ነፋስ ሲመቱት ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አቅጣጫውን ይቀይራል። ያኔ በዋልታው ላይ ያለው አየር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ይታመቃል፣ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑን መጋል ያውቀዋል። ሙቀቱ እስከ 50 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል።

አጥሩ ሲፈርስ ከብቱ የሰው ማሳ ይገባል። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ከሳምንታት በኋላ የዋልታው ብርድ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 አጥሩ ፈረሰ፤ በ26ኛው ቀን ሮም ሳትቀር በረዶ ለበሰች።

ደቡብ ዋልታ ነፋሱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። እዚያ ትልቁ አጥር ሲፈርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 ነበር፤ የኦዞን ሽንቁሩም ለሁለት ተከፈለ።

ታዲያ ይህ የቀናት ሙቀት ዓለም ሞቀች ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም። እንዲያውም የምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ሲያሞቅ ስትራቶስፌርን ያቀዘቅዛል። አንድ የበረዶ ሳምንት የዓለምን ሙቀት ሐሰት አያደርገውም።

የአክስቴን ልጅ መልሼ ደውዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ። «አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ማለት ነው?» አለኝ ቆይቶ። አዎን፣ ከላይ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በየደጃችን ብርድ ዓለምን ከምንዳኝ፣ እስቲ አንዳንዴ ቀና እንበል።