በወረቀት ገንዘብ ላይ የማን መልክ ይታተም?

ይህን ጥናት ለመጀመር ምክንያት የሆኑን በቦሌ ሚካኤል የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ከቤታቸው በሄድን ጊዜ፥ በመጽሐፍ ውስጥ አጥፈው ያኖሩትን አሮጌ የ5 ብር ኖት አሳዩን። ይኸውም ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ካሳተማቸው አንዱ ሲሆን፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክና የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥዕል አለበት። «ልጆቼ፥ ንጉሡ ወረዱ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ግን ይኸው ጎረቤቴ ነው። ለመሆኑ ሰው በብር ላይ የሚታተመው በሕይወት ሳለ ነው ወይስ ካለፈ በኋላ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንምና «አባባ፥ አይተን እንመለሳለን» ብለናቸው ወጣን።

አንባቢ እንደሚያውቀው፥ በአገራችን ገበያ ለረጅም ዘመን ከማንም ይልቅ የታወቀው መልክ የባዕድ ሴት መልክ ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያይቱ የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ እ.ኤ.አ. 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ከሞተችም በኋላ ሲመታ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ዘውድ የደፋ መልካቸውን በፓሪስ በብር ላይ ቢያስመቱም ማሪያ ቴሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። ሕዝቡ የሚቀበለው የለመደውን መልክ እንጂ የሚያከብረውን ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዛሬም በቦሌ ሚካኤል፥ ይልቁንም ዘመዶቻቸው ከውጭ ገንዘብ በሚልኩላቸው ሶማሌዎች ዘንድ፥ በመቶ ዶላር ላይ ያለውን ራሰ በራ የአሜሪካ ሰው፥ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን፥ ስሙን ባያውቅ እንኳ መልኩን የማያውቅ ጥቂት ነው።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. ባወጣቸው የመጀመሪያ ኖቶች ላይ ንጉሥ የለም። በ5 ብሩ አጋዘን፥ በ10 ብሩ ነብር፥ በ100 ብሩ ዝሆን፥ በ500 ብሩ ስሙ ያልተጻፈ ጦረኛ ይታያሉ። ባንኩ ተገዝቶ በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ከሆነ በኋላ፥ በ1925 ዓ.ም. በወጣው የ2 ብር ኖት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን ጎን ለጎን ታተሙ።

ከነጻነት በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አዲሱ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ የንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል መሆኑን ልብ ይሏል። በየኖቱ ላይ የእርሳቸው መልክ አለ፤ አጠገባቸው ያለው ሥዕል ግን ይለያያል። በ1 ብሩ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፥ በ5 ብሩ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር፥ በ10 ብሩ የጊዮርጊስ አደባባይና የምኒልክ ሐውልት ተሥለዋል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ነቅለውት የነበረ ያ ሐውልት በገንዘብ ላይ መታየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ምኒልክ የገቡት ከነፈረሳቸው፥ እንደ አደባባይ ጌጥ ነው፤ የፊተኛውን ቦታ የያዙት በዙፋን ያሉት ናቸው።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. ገንዘቡን ሲቀይር የንጉሡን መልክ አነሣ፤ የሌላ ዝነኛ ሰውም አልተካበትም። በምትኩ አንድ ወጣት ልጅ፥ ቡና ለቃሚ፥ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት፥ የሳይንስ ተማሪዎችና ጦረኛ መጡ። የአንድ ብሩ ልጅ በ2002 ዓ.ም. በሳንቲም እስኪተካ ድረስ በየሰው ኪስ ኖረ። ገበሬውም በኋላ ከነበሬዎቹ ተመለሰ። የፋሲል ግንብ ደግሞ በንጉሡ 500 ብርም በደርግ 50 ብርም ላይ አለ፤ ዐፄ ፋሲል መልካቸው ሳይታይ በግንባቸው ሁለት መንግሥት ተሻገሩ ማለት ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ200 ብር ኖት ላይም ያለችው ርግብ ናት።

እንግዲህ የሰው መልክ ይመለስ ቢባል ማን ይገባዋል? ምኒልክን ያነሣ እንደ ሆነ፥ አንዱ የዐድዋን ድል ሲያስታውስ ሌላው ወደ አያቶቹ አገር የመጣውን ዘመቻ ያስታውሳል፤ ሁለቱም ያንኑ ብር ይዘው አንድ ገበያ ይገባሉ። ስለዚህ መመዘኛ አበጀን። ሰውየው ከሞተ 50 ዓመት ያለፈው፥ ሥራው በጽሑፍ የተመሰከረ፥ ክብሩም ከዙፋን ያልመጣ ይሁን አልን። ከመቅደላ በልጅነቱ ተወስዶ ሐኪም ሆኖ የተመለሰው፥ በወረራውም ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ተጠሪ የነበረው ሐኪም ወርቅነህ ያልፋል። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላም በ1966 ዓ.ም. ስላረፈ ያልፋል። እቴጌ ጣይቱ ግን በሦስተኛው መስፈርት ወደቁ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ባልደረባችን አጥብቃ ተቃወመች። «ማንንም የማያስከፋውን ብቻ ከመረጥን የመረጥነው ታሪክን ሳይሆን ጸጥታን ነው፤ የውጫሌን ውል ስታወግዝ ጣይቱ በዙፋን ስለ ነበረች ትቀራለችን?» አለች። ይህን በቀላሉ ልንመልሰው አልቻልንም። ኬንያውያን ከዚህ ሁሉ ክርክር የዳኑት እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቁት ሕገ መንግሥት የማንኛውንም ሰው መልክ በገንዘብ ላይ በመከልከል ነው፤ እኛ ግን ያለ ሕግ፥ በልማድ ብቻ፥ ከ1969 ጀምሮ እዚያው ደርሰናል። አብዛኞቻችን ልማዱ እንዲጸና ወደን፥ ምናልባት የግድ ከሆነ አበበን መርጠናል። ባልደረባችን አልተስማማችም።

አዛውንቱ ይህን በነገርናቸው ጊዜ፥ ጎረቤታቸው የሆኑ ሶማሌ የሰጧቸውን የ1000 የሶማሊያ ሽልንግ አወጡልን። በላዩ ሰፌድ የሚሰፉ ሴቶች አሉበት። ከእኛው 10 ብር አጠገብ አኑረው ዝም ብለው ተመለከቱን።

እቴጌ መነን ያሉበትን የ1925ቱን የ2 ብር ኖት እስካሁን በፎቶግራፍ ብቻ አይተነዋል፤ በእጁ ያለው አንባቢ ቢኖር ለማየት እንዲፈቅድልን እንለምናለን።