ከክፉ ቀን እስከ ዐድዋ ዘመቻ

ወጣት አንባቢ ሆይ! ስለ ዐድዋ ድል ስንናገር ብዙውን ጊዜ ነጋሪቱን፣ ጎራዴውንና ፈረሱን እናስታውሳለን። ያ ሠራዊት ከምን ዐይነት ቤት ወጥቶ፣ የማንን ስንቅ ተሸክሞ እንደ ዘመተ የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። የቤተ ሰብን ኑሮ ያልመረመረ ሰው የአገሩን ታሪክ እኩሌታ ብቻ ያውቃል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ከ10 ከብት 9ኙ እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ዝናም ቀረ፤ አንበጣና ተምች ቡቃያውን በላው፤ ተላላፊ በሽታም ተከተለ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን ይህን መከራ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት።

ለደጋ ገበሬ በሬ ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ክንዱም ነው። በሬው የሞተበት አባወራ ዘር ቢኖረው እንኳ ምድሩን የሚገለብጥበት ኃይል አጣ። በዶማ መቆፈርም ይናቅ ነበርና፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ።

በዚያው በመከራ ዘመን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በወሎ ምድር በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ። ኢጣልያም በ17ኛው አንቀጽ አመካኝታ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» አለች። ሰሜኑ በረኀብ ተዳክሞ ሳለ ወታደሮቿ ከምጽዋ ወደ አሥመራ ደጋ ወጡ። ጎተራው ባዶ የሆነ አገር በሩን ለመዝጋት እንደሚቸግረው ከዚህ እንረዳለን።

ክፉው ቀን ካለፈ ጥቂት ዓመታት እንደ ሆነው፣ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት ዐዋጅ ተነገረ። የሸዋ ሰው እንዲከት የታዘዘው ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ ባለችው በወረኢሉ ነበር። የወሎም ፈረሰኛ ከራስ ሚካኤል ጋር ዘመተ። እንግዲህ አስቡት! ገና የበሬዋን ሞት ያልረሳች እናት ገብሷን ቆልታ በሶ ፈጨች፤ ለልጇም ቋጠረችለት። ጦሩ ባለፈበት መንገድ የተቀመጠው ባላገርም ያን ሁሉ ሕዝብ የመመገብ ሸክም ወደቀበት። የካቲት 23 ቀን የተገኘው ድል የእነዚህም ነው፤ ስማቸው ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም።

መከራ በአንድ አገር ብቻ አይወርድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 የዓለም ንግድ በወደቀ ጊዜ፣ የካናዳ ስንዴ ዋጋ አጣ፤ በሳስካችዋን አውራጃም ድርቅ ገባ። ቤንዚን መግዛት ያቃተው ገበሬ የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በፈረስ አስጎተተው፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩም ስም «የቤኔት ጋሪ» ተባለ። እነዚያው ቤተ ሰቦች በ1939 ልጆቻቸውን ወደ ጦርነት ሸኙ፤ ከ1942 ጀምሮም ስኳርን በኩፖን እየተመጠነላቸው ገዙ፤ እናቶችም አጥንትና የተራረፈ ስብ ለጦር መሣሪያ ሥራ ይሰበስቡ ነበር። በዚያ ፈረስ በሞተር ፈንታ፣ በእኛ አገር ሰው በበሬ ፈንታ ገባ።

ታዲያ ቤት በእንዲህ ያለ ዘመን በምን ይቆማል? የደጋችን ልማድ መልስ አለው። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ጉልበት ያጠረው በወንፈልና በደቦ ይረዳል። ሁለቱ ለየብቻ ቢቀመጡ ሁለቱም ጦም ያድራሉ፤ ቢቀናጁ ግን ሁለቱም ያጭዳሉ። ይህ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነው።

ወጣቶች ሆይ! የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያዩ ሽማግሌዎች በወሎ ደጋ ዛሬም አሉ። በዚያ ቀን ማን በሬውን እንዳዋሰ፣ ማን እፍኝ እህሉን እንዳካፈለ፣ ማንስ በሩን እንደ ዘጋ ጠይቋቸው። የሰማችሁትንም ጻፉት፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ያልተጻፈው አብሮት ያልፋልና።