መሪው ወደ ቀኝ ሲስብ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ ወገኖቼ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የጎማ ነገር ነው። ከአስኮ ተነሥቶ ቡራዩን አቋርጦ፣ የገፈርሳን ግድብ ታክኮ ወደ ሆለታ የሚያልፈውን የአምቦ መንገድ የማያውቅ ከመካከላችሁ ብዙ አይኖርም። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆናለች፣ ቤቱም ሰዉም በዝቷል፣ ባጃጁም ከግራ ከቀኝ ይርመሰመሳል፤ ገፈርሳ ሲደርሱ ግን ዛሬም ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ የኖረው ግድብም እዚያው ተንጣሎ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነውና ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ መብራቱ እንጂ አካሉ አይታይም።

በዚህ መንገድ የሚመላለስ አንድ መምህር ነበር፤ ቤቱ ቡራዩ፣ የሚያስተምረው ሆለታ፣ መኪናው ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ። ማለዳ ሲወጣ ለብቻው አይወጣም፤ ሆለታ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ አበባ እርሻ የምትውል ወጣት፣ አንዳንዴም ለገበያ የምትሄድ ጎረቤት አብረውት ይሳፈራሉ፣ ነዳጁንም ያዋጣሉ። እንግዲህ በየማለዳው የሦስት፣ የአራት ቤት ሰው በዚያች ትንሽ መኪና ይሄዳል፤ መኪናዋን ከመሬት ጋር የሚያገናኛት ደግሞ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት።

ታዲያ አንድ ሰሞን መሪው ወደ ቀኝ ይስብ ጀመር። በመጀመሪያ ጥቂት ነበርና መምህሩ መንገዱ ነው ብሎ አለፈው። ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው፣ አስፋልት ሲሠራ ደግሞ ዝናቡ እንዳይተኛበት መሐሉ ከፍ ዳሩ ዝቅ ይደረጋል፣ ስለዚህ ጤነኛ መኪናም ብትሆን መሪው ላላ ሲልላት ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ማዘንበሏ አይቀርም። የመምህሩ መኪና ግን ማዘንበሉን ትታ መጎተት ጀመረች፤ እርሱም መሪውን ወደ ግራ ይዞ እየታገለ ሆለታ ሲደርስ ትከሻው ይዝል ነበር።

ከዚያማ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ አላይመንት አሠራ፣ ለጥቂት ቀን የተሻለ መሰለው፣ ከዚያ ያው ሆነ። ሌላ ጋራዥ ሄደ፣ እዚያም ማሽን ላይ አወጡለት፣ ገንዘቡን ተቀበሉት፣ አረንጓዴ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጡት፣ መኪናዋ ግን ከግቢው እንደ ወጣች ወደ ቀኝ ሄደች። አንዱ ቴስቲኒ ነው አለው፣ ቀየረ፤ ሌላው ሾክ አብዞርበር ነው አለው፣ ለእርሱ ግን ገንዘብ አልነበረውም። የመምህር ደመወዝ የት ድረስ እንደሚሄድ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሰኔ ገባ፣ የፈተናው ሰሞን ሆነ፣ አንድ ዓርብም ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ማለዳም አላባራ አለ። መምህሩ እንደ ልማዱ ሰዎቹን ጭኖ ወጣ፣ ቡራዩን አለፈ፣ ገፈርሳ ሲደርስ ጉሙ ወረደበት፣ መብራት አበራ፣ ፍጥነት ቀነሰ፣ እናም አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ በአስፋልቱ ላይ የተኛውን ውኃ ሲረግጠው ውኃው መስታወቱን ሸፈነውና ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ጠፋ። በዚያች አፍታ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። የቀኙ ጎማ ከአስፋልት ወርዶ ጭቃውን ሲያርስ ተሰማ፣ ነርሷ «ማርያም!» አለች፣ መምህሩም ፍሬን ሳይረግጥ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ መልሶ መኪናዋን ወደ አስፋልቱ አወጣት። ማንም አልተነካም። ሆለታ እስኪደርሱ ግን አንድ ቃል የተነፈሰ አልነበረም፤ ሲወርዱ ነርሷ በሩን ይዛ ቆመችና፣ «መምህር፣ እኚያ ቡራዩ ያሉት ሽማግሌ ጎሚስታ ሳያዩልህ ሰኞ አልሳፈርም» አለችው።

ያን ዕለት ማታ መምህሩ ወደ ሽማግሌው ሄደ። መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ሥፍራ ናት፤ ኮምፕረሰሩ ጥግ ላይ ይንጫረራል፣ አንድ ልጅ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ የተበሳውን ይፈልጋል፣ እርሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ የሆነውን ሁሉ ዘረዘረ፣ አላይመንቱን፣ ቴስቲኒውን፣ የዛሬውን ጭቃ። እርሳቸው እስኪጨርስ ጠብቀው፣

«ልጄ፣ ነፋሱን መቼ ነው ያስለካኸው?» አሉት።

መምህሩ አላስታወሰም።

«አሁን ነድተህ መጥተሃል፤ ጎማው ሞቋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ነፋሱ ይጨምርና ቁጥሩ ያታልላል። ነገ ማለዳ ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀኝ፣ እኔ ቤትህ እመጣለሁ» አሉት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መለኪያቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍተው በምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አነበቡ፤ መኪናዋን የሠራት ፋብሪካ ምን ያህል ነፋስ እንደሚፈልግ የሚናገረው እዚያ ነውና፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ደግሞ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ ለመኪናዋ የሚስማማው አይደለም። ከዚያ ለኩ። የፊት ግራው 32 ፒ.ኤስ.አይ፣ የፊት ቀኙ 24። ነፋስ የጎደለው ጎማ ይተኛል፣ የተኛ ጎማ ከብዶ ይሽከረከራል፣ ከብዶ የሚሽከረከረውም መኪናዋን ወደ ራሱ ይጎትታል። አስተካክለው ሞሉትና፣ «ና፣ እስከ ገፈርሳ እንሂድ» አሉት፤ ሁለቱም ሄዱ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ መንገዱም ገና ጭር ያለ ነበር። ቀጥ ባለው ላይ መምህሩ ጣቱን ሳያነሣ መሪውን ላላ አደረገ። መሳቡ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። ሽማግሌው ዳር አስይዘውት ወረዱና ዞረው የመዳፋቸውን ጀርባ ወደ ፊተኛው ቸርኬ አስጠጉ፣ ሳይነኩ፣ ትንፋሹን ብቻ ሊሰሙ፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው ሄደው እንዲሁ አደረጉ። የፍሬን ሸራ ተጣብቆ አልለቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ወገን እንደ ምጣድ በጋለ ነበር፣ መኪናዋም ወደዚያው በሳበች ነበር። የሁለቱም ሙቀት እኩል ነው። «ፍሬኑ ደኅና ነው» አሉ።

ወደ ቡራዩ ተመልሰው ክሪኩን ደገፉ፣ የፊት ቀኙን ወደ ግራ፣ የፊት ግራውን ወደ ቀኝ አዞሩት። ይህን ከማድረጋቸው በፊት ጎናቸውን አይተዋል፤ ወዴት መሽከርከር እንዳለበት የሚያሳይ ቀስት ያለበት ጎማ እንዲህ አይገለባበጥም፣ እነዚህ ግን ቀስት የላቸውም። እንደገና ነዱ፣ ወገኖቼ፣ መኪናዋም ወደ ግራ ሳበች!

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ግራ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያ ሕመሙ ከጎማው ጋር ተሻገረ። ባይሻገር ኖሮ ወደ አላይመንቱም ወደ ብረቱም እንሄድ ነበር።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና የሚቆጨኝን ልናገር። የአላይመንት ማሽን የሚለካው የቸርኬውን ዘንግና አቅጣጫ ነው፤ በጎማው ሆድ ውስጥ ያለውን ሽቦ አያየውም። ያ ሰው ጎማው የታመመበትን መኪና ደጋግሞ ሲያስለካ፣ መሳቡን ለማካካስ ብለው የነካኩት ልክ ደግሞ የደኅናውን ጎማ የውስጥ ዳር ይበላው ነበር። ነፋስ መለካትና ሁለት ጎማ ማቀያየር የሚጠይቀው ክሪክና ትዕግሥት ነው። ከሁሉ በፊት የሚደረገው ይህ ሆኖ ሳለ የድሃ ሰው ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ ማየት ያማል።

ሽማግሌው የታመመውን ጎማ በክሪክ አንሥተው አሽከረከሩት፣ ከመምህሩ ኪስ እስክሪብቶ ተቀብለውም ከጥርሱ በላይ ስንጥር በምታህል ርቀት አቅንተው ያዙት። ጎማው ሲዞር እስክሪብቶው በዝምታ ያልፍና አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ «ጭ» ይላል፤ እንደገና ዝም፣ እንደገና «ጭ»። እዚያ ላይ አብጧል፤ ከላይ ሲያዩት ጥርሱ ገና ነው፣ ከሥር ግን ሽቦውና ላስቲኩ ተለያይተዋል።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ያገለገለ ነው፤ አንዱ ሲፈነዳብኝ ብቻውን ገዛሁት። ግን ብዙ አልቆየም ጋሼ፣ የ2014 ነው፣ ተጽፎበታል» አለ መምህሩ፤ ጎንበስ ብሎም አሳየ። እውነትም «ዶት» ከሚሉት ፊደላት ተያይዞ በመጨረሻው ላይ 2014 ይላል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚያ አራት ቁጥሮች አንድ ላይ አይነበቡም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፣ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ስለዚህ ያ 2014 ማለት በፈረንጆች 2014 ዓመት 20ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ ሲቆጠር ግንቦት 2006 ዓ.ም። መምህሩ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ብሎ የገዛው ጎማ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ጎማ ሠሪዎቹ ራሳቸው ደግሞ አሥር ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንድናወርደው ይመክራሉ። ሻጩ ይወቅ አይወቅ እግዜር ይፍረደው፤ ገዢው ግን ይህን ይወቅ፣ ልጆቻችሁም ይወቁ።

«አሁን አንድ አዲስ ልግዛ?» አለ መምህሩ።

«አንድ አይሆንም። ጎማ እንደ በሬ ጥንድ ሆኖ ነው የሚጠመድ፤ አንዱ ጎረምሳ አንዱ ሽማግሌ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። የደኅናውም ዳሩ ተበልቷልና ሁለት ግዛ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ አንድ ጥርስ» አሉት።

መምህሩ ከዕቁቡ ተበድሮ፣ ሽማግሌውን አስከትሎ መርካቶ ጎማ ተራ ወረደ። የአገር ውስጡ አለ፤ በ1960ዎቹ አዲስ ጎማ ተብሎ ተቋቁሞ፣ ኋላ ማታዶር ተብሎ፣ ከዚያ ሆራይዘን የተባለው ፋብሪካ የሠራው፤ የቻይናው አለ፣ የሕንዱ አለ፣ የጃፓኑም አለ። አንዱ ደላላ ሰፋ ያለ ጎማ ያሳምርልሃል ብሎ ያዘው። ሽማግሌው ግን 165/70 አር 14 ከሚለው ፈቀቅ አላሉም፤ 165 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው፣ ከጎኑ ያለው 81 ደግሞ አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ከዚያ ያነሰውን አልፈልግም አሉ። በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የከረሙትንም አልነኩ፤ ከውስጥ ከጨለማው አስወጥተው፣ ቁጥሩን በመነጽራቸው አንብበው፣ የሁለቱ ሳምንት ተቀራራቢ መሆኑን አይተው ነው እሺ ያሉ።

ቡራዩ ሲመለሱ መምህሩ አዲሶቹ ከፊት እንደሚገቡ አልተጠራጠረም ነበር። ሽማግሌው ግን የኋለኞቹን ደኅና ጎማዎች ወደ ፊት አምጥተው አዲሶቹን ከኋላ አሰሩ። ነርሷም ነገሩን ልታይ መጥታ ነበርና «ጋሼ፣ መሪው ያለው ከፊት አይደል?» አለቻቸው። እርሳቸውም፣ በዝናብ ፊቱ ሲንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፣ ነዳጁን ለቆ ይመልሳታል፤ ኋላው ሲሸሽ ግን ሳይሰማው መኪናዋ ዞራ ትገኛለች አሏት። ባላንስ አሠሩ፣ ያ ንዝረት እንዳይኖር ነው፤ የተነካካው ልክ እንዲመለስም አላይመንት አንድ ጊዜ ብቻ አሠሩ። ለመምህሩም ጥቂት እንደ ነዳ ተመልሶ ቡሎኖቹን እንዲያስጠብቅ ነገሩት።

የወለቁት ሁለቱ ጎማዎች ግድግዳው ሥር ተደግፈው ነበር። ልጁ ያበጠውን አገላብጦ፣ «ጥርስ አለው እኮ፣ ለስኮርታ የሚወስደው አይጠፋም» አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ ቢላዋቸውን አነሡ፣ ጎማውን በጉልበታቸው ያዙ፣ ጎኑን ከዳር እስከ ዳር ቀደዱት፣ ከዚያም «ለበረባሶ ሠሪው ስጠው» ብለው ለልጁ አንከባለሉለት።