የሦስቱ ከተሞች ትምህርት

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ፥ ዛሬ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት፥ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ናቸው። እኛ ተማሪዎች ስለ ዴሞክራሲ መውደቅና መነሣት ስንመረምር ከነርሱ ታሪክ ትምህርት አገኘን።

ሶሻሊስት ነኝ ይል የነበረው ደርግ በግንቦት 1983 ዓ. ም. ወደቀ። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የመናገርንና የመምረጥን መብት አወጀ። ዳሩ ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነፃነቱ ቀስ በቀስ ጠበበ፤ በ2002 ዓ. ም. ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ዓ. ም. ምክር ቤቱ ያለ አንድ ተቃዋሚ ቀረ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባን ከነዚህ ከተሞች ጋር የሚያያይዝ መሪ ፕላን ተዘጋጅቶ ነበር። ለመሬቱ የሠጋው ገበሬ በምክር ቤት የሚሟገትለት ስላጣ ክርክሩ አደባባይ ወጣ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ. ም. ተሰረዘ። በ2010 ዓ. ም. ብዙ እስረኞች ተፈቱ፤ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትርም ተሾሙ። ሆኖም በመስከረም 2011 ዓ. ም. በቡራዩ የንጹሓን ደም ፈሰሰ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ የመሪ መለወጥ ብቻውን ዴሞክራሲን አያድስም። የሚቃወመንን በትዕግሥት ማድመጥ ያሻል፤ ይህንም ከየክፍላችን እንጀምር።