የምስል ዲስክና ያልተቀዳው ዝምታ

እ.ኤ.አ. በ1986 ቢቢሲ ለእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው «ዶምስዴይ» የተሰኘ ሌዘር ዲስክ፥ ተማሪው ካርታ እየመረጠ የየመንደሩን ጽሑፍና ፎቶግራፍ እንዲመረምር ያስችል ነበር። በ1086 በብራና የተጻፈው የስሙ ምንጭ እስከ ዛሬ ሲነበብ፥ የዲስኩ ማንበቢያ መሣሪያ ግን በ15 ዓመት ውስጥ ብርቅ ሆነ። ምስሉን መቅዳት ብቻ የተማሪውን ምርጫ አያድንምና፥ የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2002 የአሮጌውን ኮምፒዩተር አሠራር የሚተካ ፕሮግራም ሠሩ።

በኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ የፕላዝማ ትምህርት ተመሳሳይ ችግር አለበት። የምስሉ መምህር ጠይቆ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይል ነበር (ጊዜው አጠረ የሚል ቅሬታ ያስነሣውም ይኸው ነው)። ቀጂው ያን ዝምታ ባዶ ቦታ መስሎት ቢቆርጠው ትምህርቱ ንግግር ብቻ ሆኖ ይቀራል። መግቢያውና ማጠቃለያው ደግሞ የክፍሉ መምህር ድርሻ ስለ ነበር በሥርጭቱ ቅጂ ላይ አይገኝም፤ ከልደታ እስከ ክልል ከተሞች ካስተማሩት መምህራን ቃልና ማስታወሻ መሰብሰብ ይኖርበታል።