የጨለማው ልዑል ያልሠራው ጨለማ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንድ የመኪና ነገር ልተርክላችሁ። ቦታው እንግሊዝ አገር ነው፤ ዓመቱንም እንደነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከኦክስፎርድ ብዙም የማትርቅ አቢንግደን የምትባል ከተማ አለች። የኤም ጂ ስፖርት መኪኖች ይገጣጠሙ የነበረው እዚያ ነው። ኤም ጂ ቢ የተባለችዋ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የኛዋ የ1965 ሥሪት ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ዝገቷን አስፍቆ፣ ወለሏን አስበይዶ፣ እንግሊዞች ለእሽቅድምድም መኪኖቻቸው የሚወዱትን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀለም ደራርቦ አስቀብቷታል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ሳያያት አያልፍም።

ታዲያ አንድ ምሽት ጎረቤቱን ከኋላ አቁሞ መብራት ይፈትሽ ጀመር። የኋላዎቹን አበራ፤ ሁለቱም በሩ። ፍሬን ረገጠ።

«የቀኙ ደምቋል!» አለ ጎረቤትዬው። «የግራው ግን… ኧረ ጭራሽ ደበዘዘ! ፍሬቻውም ጭል ጭል ይላል!»

«ፍሬቻ እኮ አልነካሁም!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የማየውን ነው የምነግርህ።»

ሰውዬው ወዲያው አምፖሉን ነቀለ። በዚህ አምፖል ሆድ ሁለት ክር አለ፤ ባለ 5 ዋቱ ለማታ፣ ባለ 21 ዋቱ ለፍሬን። ተገልብጦ እንዳይገባ የጎኑ ጥርሶች ከፍና ዝቅ ተደርገው ተሠርተዋል። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ጥፋቱ ከግራ ንቅንቅ አላለም። አምፖሉ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ፊውዙስ? የፍሬን መብራትን የሚጠብቀው ፊውዝ ለሁለቱም ጎን አንድ ነው፤ ቢቃጠል ቀኙም አይበራም ነበር። በፍሬን ዘይቱ ቧንቧ ላይ የተገጠመው ማብሪያም እንዲሁ ለሁለቱም አንድ ነው። ግማሹ በርቶ ግማሹ ሲደበዝዝ የጋራ የሆነውን ሁሉ ከተጠርጣሪነት ማውጣት ይቻላል። እኔ ብሆን ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ አስብ ነበር።

የኛ ሰው ግን ማሰቡን ትቶ ሉካስን መርገም ያዘ። ሉካስ ማለት ለእነዚህ መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ ያቀርብ የነበረው የበርሚንግሃም ኩባንያ ነው። መሥራቹ ጆሴፍ ሉካስ በሆክሊ ሰፈር በጋሪ የመብራት ጋዝ እያዞረ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ ኋላ ላይ ያወጣውን የብስክሌት ፋኖስ «የመንገድ ንጉሥ» ብሎ ሰየመው። ዘመን አለፈና ቀልደኛ ሾፌሮች ሰውዬውን ራሱን «የጨለማው ልዑል» አሉት። ቀልዱ ያስቃል፣ አልክድም። ግን ግማሽ ምዕት ዓመት በዝናብና በጭጋግ የኖረ ሽቦ የማን ቢሆን ይደክማል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ጎረቤትዬው ዝም ብሎ ወደ ፊት ዞረና «አሁን ርገጥ» አለው። ጉድ ተሰማ፦ የፊት ግራ ፍሬቻም ጭል ጭል ይላል!

ይሄኔ ነው ምስጢሩ የተገለጠው። ኮረንቲ ዙሩን ሳይጨርስ አይሠራም። መብራቱ ድረስ የሚመጣው በሽቦ ነው፤ ዙሩ የሚዘጋው ግን በመኪናዋ ብረት፣ መካኒኮቻችን ማሳ በሚሉት በኩል ነው። (በዚህች መኪና ከማሳው የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በዘመናችን ከተለመደው ተቃራኒ ቢሆንም ዙሩ ያው ዙር ነው።) በግራው መብራት ማሳው ተቋርጧል። በሩ እንደተዘጋበት እንግዳ ኮረንቲው በጎረቤት ጓሮ ዞረ፦ በፍሬን ክሩ አልፎ በኋላው ፍሬቻ፣ ከዚያ በረጅሙ ሽቦ እስከ ፊተኛው ፍሬቻ ድረስ ሄዶ እዚያ ብረት አገኘ። 12ቱን ቮልት ሦስት ክሮች ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ወደ 4 ቮልት ደረሰው። በ4 ቮልት ደግሞ ሁሉም ይቀላል እንጂ የሚበራ የለም።

ሰውዬው ቴስተሩን አመጣ። አንዱን ጫፍ በመብራቱ ቤት፣ ሌላውን በተራቆተ የአካል ብረት ላይ አድርጎ ፍሬኑን አስረገጠ። ከዜሮ እምብዛም መራቅ ያልነበረበት ቁጥር 8 አካባቢ ቆመ። ቁራጭ ሽቦ ወስዶ ሁለቱን ሲያገናኛቸው የግራው መብራት ቦግ አለ።

ከዚያማ የመብራቱን ቤት ፈታው። የማሰሪያ ብሎኖቹ የሚቀመጡበትን ስፍራ ሲያይ ሳቁ መጣ፤ ያ የሚያምረው አረንጓዴ ቀለም ከቫርኒሹ ጋር ወፍሮ ተጋግሮበታል። ቀለም ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ገንዘቡን ከፍሎ ያስቀባው ራሱ ነው፤ ሉካስ የለበትም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ አስገባ፣ ዝገት እንዳይመለስ ቫዝሊን ቀባው፣ አጠበቀው። ፍሬን ሲረገጥ ሁለቱም እኩል ደመቁ፤ ፍሬቻዎቹም ዝም አሉ።

በብሪታንያ ሕግ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ ብዙም ያልተለወጡ መኪኖች ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱም። እሱ ግን በመብራቱ ስለኮራ በፈቃዱ ወስዶ አስመረመራት። መብራቶቹ በሙሉ አለፉ። የጣላት የእጅ ፍሬኑ ነው።